የአልጂኔት ዶቃዎች በፎስፌት ውስጥ ለምን ይፈርሳሉ? ሰንሰለቱን ከመለወጥ በፊት የተደረገ ክርክር

ይህን የመድረካችንን የውይይት ክር የከፈተችው መሃል አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ አካባቢ የምትማር የፋርማሲ የማስተርስ ተማሪ ናት። ከቡናማ የባሕር አልጌ የሚወጣውን ሶዲየም አልጂኔት በስሪንጅ እያንጠባጠበች ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ስትጥለው ጥሩ ዶቃ ይወጣላታል። መድኃኒቱን የያዘው ዶቃ የጨጓራን አሲድ በሚተካው ፈሳሽ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቢቆይም ቅርጹን አይለቅም፤ የአንጀትን ሁኔታ እንዲተካ ወደተዘጋጀው የፒኤች (የአሲድነት ልክ) 6.8 ፎስፌት ባፈር (አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ የሚጠብቅ ፈሳሽ) ሲዛወር ግን ያብጥና ይፈርሳል፣ መድኃኒቱም በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ያነበበቻቸው ጽሑፎች መፍትሔው አልጂኔቱን በኬሚካል መለወጥ ነው ስለሚሉ፣ በፔርአዮዴት ከማኦክሰድ (በኦክስጅን ሰጪ ኬሚካል ከመለወጥ)፣ ሜታክሪሌት የተባለ ቡድን ከመትከል ወይም በካርቦዳይኢማይድ አማካይነት ሌላ ሞለኪውል ከማያያዝ የትኛው እንደሚሻል ጠየቀች። ኬሚካሎቹ በውጭ ምንዛሪ እንደሚገዙ፣ አንዴ ከታዘዙ በኋላም ሐሳብ መቀየር እንደማይቻል አከለች።

እኔ መድረኩን ከሚያስተባብሩት አንዱ ነኝ። ክሩ ረዝሞ መሃል ላይም ስለተንዛዛ፣ ወደፊት በዚሁ ጉዳይ ለሚመጡ አንባቢዎች መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እየጠራሁ እተርካለሁ። የራሴን አስተያየት ስጨምርም የእኔ መሆኑን እየገለጽሁ ነው።

መልስ 1 ረጅምና ትሕትና የተሞላበት ነበር። አራት ኪሎ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ ሰው ተማሪዋን ካበረታቱ በኋላ፣ ከምርጫው በፊት የሚለወጠውን ነገር ማወቅ እንደሚቀድም ገለጹ። አልጂኔትን እ.ኤ.አ. በ1881 ለዓለም ያስተዋወቀው ብሪታኒያዊው ኬሚስት ስታንፎርድ ሲሆን፣ የሞለኪውሉ ሰንሰለት ማኑሮኒክ አሲድና ጉሉሮኒክ አሲድ ከሚባሉ ሁለት የስኳር አሲዶች የተሠራ ነው። ካልሲየምን አጥብቆ የሚይዘው ጉሉሮኒክ አሲድ ተከታትሎ የተደረደረበት ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የቀረበው ሞዴል ሁለት ሰንሰለቶች ካልሲየሙን መሃላቸው አድርገው እንደ እንቁላል መያዣ ካርቶን እንደሚገጥሙ ያስረዳል። ጉሉሮኒክ የበዛበት አልጂኔት ጠንካራ ሆኖ በቀላሉ የሚሰበር፣ ማኑሮኒክ የበዛበት ደግሞ ለስላሳና ተለጣጭ ጄል የሚሰጠው ከዚህ የተነሣ ነው። ኬሚስቱ በመቀጠል፣ በዚህ ሰንሰለት ላይ ኬሚስት ሊይዛቸው የሚችላቸው ቦታዎች ሁለት ዓይነት ብቻ መሆናቸውን ጻፉ፤ አንዱ ካርቦክሲሉ (አሲድ የሚያደርገው ቡድን)፣ ሌላው በሁለተኛውና በሦስተኛው ካርቦን ላይ ያሉት ሃይድሮክሲሎች (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች) ናቸው። ካርቦክሲሉን የያዘ ሰው ካልሲየሙ የሚቀመጥበትን ቦታ ቀንሷል፤ ሃይድሮክሲሎቹን በፔርአዮዴት የነካ ደግሞ የስኳሩን ቀለበት ከፍቷል። በየትኛውም መንገድ ቢኬድ አንድ ነገር የሚገኘው ሌላ ነገር ተሰጥቶ ነው።

ይህችን የመጨረሻ ነጥብ ልብ ያላት አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ጠብ ሁሉ ግን ከዚህችው ነጥብ የተነሣ ነው።

መልስ 2 መልካም ምኞት ብቻ ነው። በመልስ 3 አንድ ወጣት ተመራማሪ ያለ ማመንታት ፔርአዮዴትን መከሩ። ሥራው ቀላል እንደሆነ፣ ዕቃውን በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልሎ ከብርሃን መከለል፣ ሲበቃ ኤቲሊን ግላይኮል ጨምሮ የተረፈውን ፔርአዮዴት ማጥፋት፣ ከዚያም ጨዉ እስኪወጣ በዲያሊሲስ (ትንንሽ ሞለኪውሎችን ብቻ በሚያሳልፍ ከረጢት) ማጠብ እንደሚበቃ፣ የሚገኙት አልዲሃይድ የተባሉ ቡድኖችም ከማንኛውም አሚን (ናይትሮጅን ካለው ቡድን) ጋር በቀላሉ እንደሚያያዙ ዘረዘሩ። በመልስ 4 ኬሚስቱ ተመልሰው ፔርአዮዴት የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ካርቦን ትስስር እንደሚቆርጥ፣ የተከፈተ ቀለበት ካልሲየም መያዙን እንደሚያቆም፣ ሰንሰለቱም በዚያው ሥራ እያጠረ እንደሚሄድ አሳሰቡ። ዶቃዬ ፈረሰ ብላ ለጠየቀች ተማሪ ይበልጥ የሚፈርስ ጄል መስጠት ምን ይጠቅማል በማለት በትንሹ ጠንከር አሉ።

መልስ 5 የወጣቱ መከላከያ ነው። በሰው አካል ውስጥ አልጂኔትን የሚቆርጥ ኤንዛይም ስለሌለ፣ በሥጋ ውስጥ የተተከለ ጄል ካልሲየሙን ቢያጣም ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች በኩላሊት ማለፍ ይሳናቸዋል፤ ስለዚህ መጠነኛ ማኦክሰድ እንደ ጉድለት የሚታይ ሳይሆን ሆን ተብሎ የሚፈለግ ጥቅም ነው የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ትክክል ነው። በመልስ 6 ኬሚስቱ ትክክለኛነቱን አምነው፣ የተማሪዋ ዶቃ ግን የሚዋጥ እንጂ የሚተከል እንዳልሆነ፣ በአንጀት አልፎ የሚወጣ ነገር ኩላሊትን እንደማይጠይቅ በአንድ ዐረፍተ ነገር መለሱ። ወጣቱ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልጻፉም።

ክሩን ያዳነው መልስ 7 ነው። የጻፉት በፒያሳ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ለብዙ ዘመን የሠሩ ቴክኒሺያን ናቸው፤ ከእሳቸው በኋላ የጻፉት ሁሉ ጋሼ ይሏቸዋል። እሳቸው የሚያውቁት አልጂኔት የጥርስ ቅርጽ የሚወሰድበት ዱቄት ነው። በጎማ ጎድጓዳ ውስጥ ውኃ ጨምረው ዱቄቱን ከዳር ዳር እየደፈጠጡ ሲያሹት መጀመሪያ እንደ ወፍራም ሊጥ ሆኖ ይቆያል፣ ከዚያ በድንገት ይይዛል። ዱቄቱ ውስጥ ከአልጂኔቱ ጋር ካልሲየም ሰልፌት አለበት፤ ያ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ዕቃው ታካሚው አፍ ሳይደርስ ጎድጓዳው ውስጥ ይደርቅ ነበር። እንዳይሆን የሚያደርገው በጥቂቱ የሚጨመረው ሶዲየም ፎስፌት ነው፤ ካልሲየሙ በቅድሚያ ከፎስፌቱ ጋር ይያያዛል፣ ፎስፌቱ ሲያልቅ ብቻ ወደ አልጂኔቱ ይዞራል። በክረምት የቧንቧው ውኃ ሲቀዘቅዝ የሥራ ጊዜያቸው እንደሚረዝም፣ በበጋ ደግሞ እንደሚያጥር ጨምረው፣ ቅርጹ ውኃ አጥቶ ሳይኮማተር ጀሶውን ቶሎ ማፍሰስ ለሚረሱ ተለማማጆች ምክር ሰጡ። ዋናውን ነገር በመጨረሻ አመጡት፤ በሙያቸው አልጂኔት እንዳይይዝ የሚፈልግ ሰው ፎስፌት ይጨምራል፤ ልጂቱ ዶቃዋን ፎስፌት ውስጥ ከከተተች በኋላ ለምን ፈረሰ ብላ መጠየቋ ገርሟቸዋል።

በመልስ 8 አንድ ሰው የጥርስ ዱቄት ወሬ ለሳይንሳዊ ውይይት እንደማይመጥን ጻፉ። አነጋገሩ ለታላቅ ሰው የማይገባ ስለነበር ማስጠንቀቂያ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ጽሑፉን ግን አላነሣሁትም፣ ምክንያቱም መልስ 9 ከእኔ ማስጠንቀቂያ በተሻለ መልሶላቸዋል።

መልስ 9ን የጻፉት ቀድሞ በጨርቅ ፋብሪካ ኅትመት ክፍል የሠሩ፣ አሁን ስታዲየም አካባቢ የራሳቸው አነስተኛ የጨርቅ ማተሚያ ያላቸው ሰው ናቸው። ጥጥ ላይ በሪአክቲቭ ቀለም ሲታተም ቀለሙ እንዳይፈስ ማወፈሪያ ያስፈልጋል። ስታርች ርካሽ ቢሆንም ቀለሙ ከጨርቁ ጋር መያያዝ ሲገባው ከስታርቹ ሃይድሮክሲሎች ጋር ይያያዛል፤ ቀለሙ ይባክናል፣ ጨርቁም ከታጠበ በኋላ እንኳ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ሶዲየም አልጂኔት ግን ለዚህ መያያዝ ቅርብ የሆነው የስድስተኛው ካርቦን ሃይድሮክሲል የለውም፤ በዚያ ቦታ ያለው ካርቦክሲል አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው አሉታዊ የሆነውን ቀለም ይገፋዋል። የጉድጓድ ውኃ በሚጠቀሙበት ጊዜ በውኃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ማወፈሪያውን ያጓጉለው ስለነበር ሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት ይጨምሩ ነበር፤ እብጠቱ ይጠፋና ማወፈሪያው እንደገና ይለሰልሳል። ስለዚህ የጋሼን ነገር በሌላ ሙያ ያረጋገጡት መሆናቸውን ገለጹ።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። እርስ በርስ ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሙያዎች አንዱን ባሕርይ በተለያየ ምክንያት ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ተማሪዋ ያነበበቻቸው ጽሑፎች ደግሞ ይህንኑ ባሕርይ የቁሱ ድክመት አድርገው አቅርበው መድኃኒቱን ከሰንሰለቱ ላይ ፈለጉለት። ማንም ሰው ሰንሰለቱን ከመንካቱ በፊት ካልሲየሙን ማን እንደወሰደው ቢጠይቅ ብዙ ገንዘብ ይተርፍ ነበር።

በመልስ 10 ጠያቂዋ ተመለሰች። አሲድ ያልነካቸውን ዶቃዎች ለማነጻጸር በቀጥታ ፎስፌት ባፈር ውስጥ በከተተች ጊዜ፣ ዶቃዎቹ ከመፈረሳቸው በፊት በዙሪያቸው ያለው ፈሳሽ ወተት ጠብ እንዳለበት ውኃ ነጣ እንዳለ፣ እሷ ግን መድኃኒቱ የወጣ መስሏት በማስታወሻዋ እንዲሁ እንደጻፈችው ተናገረች። መልስ 11 ያ ንጣት የካልሲየም ፎስፌት ዝቃጭ ሊሆን እንደሚችል ጠቁሞ፣ ኬሚስቱ ግን በመልስ 12 ነገሩ በዚህ ብቻ እንዳይዘጋ አስጠነቀቁ። በአሲዱ ውስጥ ባሉት ሁለት ሰዓታት ሃይድሮጅን የካልሲየሙን ቦታ ይወስዳል፤ የካርቦክሲሎቹ ፒኬኤ (ግማሾቹ ሃይድሮጅናቸውን የሚለቁበት የፒኤች ልክ) ከ3.4 እስከ 3.7 ገደማ ስለሆነ ዶቃው ወደ አልጂኒክ አሲድ ተለውጦ ሳይሟሟ ይቆያል። ቅርጹን ስላየነው ካልሲየሙ ያለ ይመስለናል፤ አብዛኛው ግን ቀድሞ ሄዷል። ከዚያ ወደ 6.8 ሲዛወር አሲድነቱ ይጠፋል፣ በባፈሩ ውስጥ ያለው ብዙ ሶዲየም ይገባል፣ የቀረውን ካልሲየም ደግሞ ፎስፌቱ ይለቅመዋል። ስለዚህ በዳዩ አንድ ብቻ አይደለም። ለመለየትም ቀላል ሙከራ አቀረቡ፤ አሲድ ያልነካው ዶቃ በፎስፌት፣ አሲድ ያልነካው ፎስፌት በሌለው፣ ትሪስ በሚባል ባፈር፣ አሲድ የነካው በዚሁ ትሪስ፣ ሁሉም በአንድ ፒኤችና በተቀራራቢ የሶዲየም መጠን።

መልስ 13 የመጣው ከመድኃኒት ጥራት ፍተሻ ሙያ ነው። የፎስፌት ባፈሩ ከፋርማኮፒያ (ከመድኃኒት ደረጃዎች መጽሐፍ) የተወሰደ ስለሆነ ተማሪዋ ልትተወው እንደማትችል፣ ነገር ግን በእውነተኛው የትንሹ አንጀት ፈሳሽ ውስጥ ዋናው ባፈር ባይካርቦኔት እንጂ ፎስፌት እንዳልሆነ ገለጹ። ፈተናው በዶቃው ላይ ከአንጀቱ የበለጠ ይጨክናል ማለት ነው። ስለዚህ በሁለቱም ፈትና ሁለቱንም ውጤት ብታቀርብ ፈታኞቿም ቢሆኑ የሚቃወሙት ነገር እንደማይኖር መከሩ። በዚህ ክር ውስጥ ለሥራ እጅግ የጠቀመው ምክር ይህ ይመስለኛል፤ ከሁሉም ያነሰ ምስጋና ያገኘውም ይኸው ነው።

ከመልስ 14 እስከ 16 ያለው በቁስል መሸፈኛ ዙሪያ ነው። በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ክፍል የሚሠሩ ሲስተር፣ የካልሲየም አልጂኔት ጨርቅ የሚያዥ ቁስል ላይ ሲቀመጥ ከፈሳሹ ሶዲየም ተቀብሎ ካልሲየም እየለቀቀ ጄል እንደሚሆን፣ ሲነሣም እንደ ተራ ጎዝ ቁስሉን እንደማይልጠው፣ ደረቅ ቁስል ላይ ግን ተጣብቆ እንደሚያስቸግር ከሥራቸው አስረዱ። አንድ ሰው ይህ የአዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት) ልውውጥ እንጂ ኬሚካላዊ ለውጥ አይደለም ብለው ተከራከሩ፤ በጠባቡ ትርጉም ልክ ናቸው። ሌላው ማር ስለሚቀባ ቁስል ጽፈው ውይይቱን ወደዚያ ሊወስዱት ሲሉ ሲስተር ራሳቸው በጨዋነት መለሱት።

መልስ 17 ቁጣ የቀሰቀሰ ነበር። ጸሐፊው ከባሕር የመጣ ነገር እንደተፈጠረ ቢተው እንደሚሻል፣ ማስረጃቸውም ካንሰር ያመጣል የተባለው ካራጊናን (ከቀይ የባሕር አልጌ የሚወጣ ማወፈሪያ) መሆኑን ጻፉ። መልስ 18 ሁለት ነገር እንደተምታታ አስረዳ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ሰውን ለካንሰር ሊዳርግ ይችላል በሚለው ምድብ ያስቀመጠው በአሲድና በሙቀት ተቆራርጦ ሰንሰለቱ ያጠረውን፣ ፖሊጊናን የሚባለውን ነው፤ ለምግብ የሚውለው ረጅሙ ካራጊናን በዚያ ምድብ ውስጥ አልተመደበም። በመልስ 19 ሌላ ተሳታፊ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰቡት፤ በገበያ ያለው ካፓ የተባለው የካራጊናን ዓይነት ራሱ እንደተፈጠረ የመጣ አይደለም። ቀይ አልጌው በጋለ አልካሊ ሲቀቀል አንዱ የሰልፌት ቡድን ይወጣና በምትኩ በቀለበቱ ውስጥ ድልድይ ይሠራል፣ ጄሉም የሚጠነክረው በዚህ ነው። በዛንዚባር ከ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው ሴቶች በጥልቀት በሌለው ባሕር በገመድ እያሰሩ የሚያለሙት አልጌ ደርቆ ወደ ውጭ የሚላከው ለዚሁ ኢንዱስትሪ ነው፤ ኬሚካላዊው ሥራና ትርፉ ግን ሌላ አገር ነው። የመልስ 17 ጸሐፊ የሚጠሉትን ነገር ሳያውቁት ሲመርጡ ኖረዋል መባላቸው አስቆጥቷቸው ሁለት ኃይለ ቃል ያለባቸው መልሶች ላኩ። መልስ 20 ከዛንዚባር ተነሥቶ ወደ ወደብ ጉዳይ ሄደ፤ ያንን ከነተከታዮቹ አንሥቼዋለሁ፤ ቁጥሮቹ የሚዘሉት በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ 24 የክሩን ድምፅ ዝቅ አደረገው። የአንደኛው ዓይነት ስኳር ሕመም ያለበት ልጅ አባት፣ ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳትን በአልጂኔት ሸፍኖ በሰውነት ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል ሲባል ሰምተው አዲስ አበባ ውስጥ የት እንደሚገኝ ጠየቁ። በመልስ 25 ሲስተር አባባ እያሉ በትዕግሥት መለሱላቸው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ያለ መሆኑን፣ ዋናው ችግር አካሉ ዶቃዎቹን እንደ ባዕድ ቆጥሮ በጠባሳ ሥጋ መሸፈኑና ሕዋሳቱም ኦክስጅን አጥተው መሞታቸው መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ትራያዞል የተባለ ቡድን የተተከለበት አልጂኔት ጤነኛ የመከላከል አቅም ባላቸው አይጦች ውስጥ ለ174 ቀናት ስኳርን እንደተቆጣጠረ፣ ይህ ግን በአይጥ የተገኘ ውጤት እንጂ በክሊኒክ የሚሰጥ ሕክምና እንዳልሆነ ነገሯቸው። የልጁን ኢንሱሊን በምንም ምክንያት እንዳያቋርጡም አደራ አሉ። ሰንሰለቱን መለወጥ ያለ ጥርጥር የሚያስፈልግበት ቦታ ካለ ይኸው ነው፤ ካልሲየምን በመጠበቅ የጠባሳ ሥጋን መከላከል አይቻልም።

በመልስ 26 ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው የቆዩት የመልስ 3 ወጣት ተመልሰው ይህንኑ ያዙ፤ ለውጥ የሚጠቅም መሆኑ አሁን ታየ አይደል የሚል መንፈስ ነበረው። መልስ 27 በስለታም ቃል መለሰላቸው። ከቡናማ አልጌ ከተገኙ አጫጭር ስኳሮች የተሠራ የአልዛይመር መድኃኒት በቻይና እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 በቅድመ ሁኔታ ተፈቅዶ፣ በ2022 ዓለም አቀፍ ሙከራው ሳይጠናቀቅ መቋረጡን አስታወሱ። ከዚያም ወደ አፍሪካ አመጡት፤ ኤችአይቪን ይከላከላል ተብሎ በደቡብ አፍሪካ ከ6,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት የካራጊናን ጄል ሙከራ ጥበቃ አለመስጠቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ለዚሁ የተሞከረው፣ ከዕፅዋት የሚወጣውና በኬሚካል ሰልፌት የተተከለበት ሴሉሎስ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2007 የቆመው በጄሉ ተጠቃሚዎች ዘንድ ኢንፌክሽን የመጨመር አዝማሚያ በመታየቱ ነው። ሁለቱም በብልቃጥ ውስጥ ቫይረሱን አግደው ነበር፤ በብልቃጥ የሠራ በሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ሴሉሎስ የባሕር ነገር አይደለም የሚል ተቃውሞ መልስ 28 ላይ ቀረበ፤ እውነት ቢሆንም ነጥቡን አይነካውም ባይ ነኝ።

መልስ 29 ለለውጥ የቆመ የተረጋጋ ምስክር ነበር። በምግብ ኢንዱስትሪ የሠሩ ሰው፣ ካርቦክሲሎቹ ከፕሮፒሊን ኦክሳይድ ጋር ተያይዘው ኤስተር የሆኑበት አልጂኔት፣ በምግብ ማሸጊያ ላይ ኢ405 ተብሎ የሚጻፈው፣ በኮምጣጣ ምግብ ውስጥ እንደማይዘቅጥ፣ የቢራ አረፋንም እንደሚያጸና ገለጹ። ያልተለወጠው አልጂኔት በዚያ አሲድ ውስጥ ይጓጉላል። የተከፈለው ዋጋ ካልሲየምን የመያዝ ኃይሉ መድከሙ ነው፤ ለአረፋና ለሰላጣ ማጣፈጫ ግን ያ ዋጋ አያሳስብም። ፕሮፒሊን ኦክሳይድ ራሱ አደገኛ ጋዝ ሊሆን የሚችል ፈሳሽ ስለሆነ በተማሪ ላቦራቶሪ እንዳይሞከር አሳሰቡ።

መልስ 30 ከአራት ኪሎ አካባቢ የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ መጣ። ጸሐፊዋ ዶቃዎቹ የግድ ከሕዋስ ጋር የሚሠሩ ከሆነ አልጂኔቱን በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት በሚያመክን ዕቃ) ማምከን ሰንሰለቱን እንደሚያሳጥር፣ ቀጭን ሶሉሽን ሠርቶ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጥለያ ማሳለፍ እንደሚሻል መከረች። ከዚያ ወደ አጋር (ከባሕር አልጌ ወደሚወጣው፣ ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጄል) ዞረች። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ አጋር 85 ላይ ስለሚቀልጥ ይህ ይበቃዋል፣ ቢዘገይም። ችግሩ የአውቶክሌቩ የግፊት መለኪያ ነው። መለኪያው የሚያነበው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ በመመሪያው እንደተጻፈው 15 ፒኤስአይ (የግፊት አሃድ) ላይ ያቆመ ሰው እዚህ ከተማ የሚያገኘው 117 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 121 ለመድረስ ወደ 18 ተኩል ከፍ ማድረግ ይኖርበታል። የሙቀት መለኪያ የሌላቸው አሮጌ አውቶክሌቮች ያሉባቸው ላቦራቶሪዎች ይህንን ልብ እንዲሉ ለመነች። ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ያለ ቢሆንም ልሰርዘው አልደፈርሁም።

በመልስ 31 አንድ ሰው የባሕር አልጌን ትተን ለምን በእንሰት አንሠራም ሲሉ ሞገቱ። ዶላር የማይጠይቅ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትምህርት ቤትም ለክኒን ማያያዣነት የተጠና ስታርች እያለን የሰው ባሕር መለመን ያሳፍራል አሉ። ስሜቱ ይገባኛል። መልስ 32 ግን ስታርች ካርቦክሲል እንደሌለው፣ ካልሲየም ሲንጠባጠብበት በቀዝቃዛ ውኃ ዶቃ እንደማይሆን፣ እንዲሆን ከተፈለገ እሱም መለወጥ እንደሚኖርበት፣ ያኔ ኬሚካሉ ያው በዶላር እንደሚገዛ ደረቅ አድርጎ መለሰ። የመልስ 31 ጸሐፊ በዚህ ተቆጥተው ክሩን ለቀው ወጡ። መልሱ ልክ ነበር፤ አቀራረቡ ግን ሰው ያባርራል።

በመልስ 33 ተማሪዋ የሙከራዋን ውጤት ይዛ መጣች። አሲድ ያልነካቸው ዶቃዎች በትሪስ ውስጥ ጥቂት አብጠው ቅርጻቸውን ጠብቀዋል፣ በፎስፌት ውስጥ ግን ፈሳሹን አንጥተው ፈርሰዋል። አሲድ የነካቸው በትሪስም ቢሆን ለስልሰዋል፣ ከፎስፌቱ ግን በጣም ዘግይተው። ስለዚህ ኬሚስቱም ጋሼም ልክ ነበሩ። ለጊዜው ካርቦዳይኢማይዱንም ሜታክሪሌቱንም እንደማታዝ፣ በመጀመሪያ ዶቃውን በካይቶሳን (ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚገኝ፣ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ሰንሰለት) ለብጣ በሁለቱም ባፈሮች እንደምትፈትን፣ ልባጩ የሚቆመው በተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙሎች መሳሳብ ስለሆነ ሰንሰለቱን እንደማይነካው ጻፈች። አማካሪዋ ግን ቢያንስ አንድ የተለወጠ አልጂኔት ለማነጻጸሪያ እንዲኖር ስለፈለጉ፣ በጥቂቱ ብቻ የኦከሰደውን አንዱን ትይዛለች። መጠኑ አነስተኛ ከሆነ አብዛኛው ጉሉሮኒክ ስለሚተርፍ ጄሉ አይጠፋም ብላ ታምናለች።

መልስ 34 የመልስ 3 ወጣት ደስታ ነው። መልስ 35 ስንት ከመቶው እንደኦከሰደ በምን ታውቂያለሽ የሚል ነበር፤ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው፤ የተጨመረው ፔርአዮዴት መጠን የሆነውን ያህል አያሳይም። ኬሚስቱ በመልስ 36 አልዲሃይዱን ከሃይድሮክሲላሚን ሃይድሮክሎራይድ ጋር አያይዞ የሚወጣውን አሲድ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መለካት ለላቦራቶሪዋ አቅም እንደሚመች፣ የማኑሮኒክና የጉሉሮኒክ ድርሻ ለማወቅ ደግሞ አራት ኪሎ ባለው የኬሚስትሪ ክፍል የኤንኤምአር (የሞለኪውልን አሠራር በማግኔት የሚያነብ) መሣሪያ መጠቀም እንደሚቻል መከሩ። ለዚያ ናሙናው አስቀድሞ በለዘብተኛ አሲድ ሰንሰለቱ እንዲያጥር መደረግ፣ ንባቡም በ80 ዲግሪ አካባቢ መወሰድ አለበት፤ ካልሆነ ሶሉሽኑ ወፍራም ስለሚሆን መስመሮቹ ይደበዝዛሉ።

የመጨረሻው መልስ 37 ነው። ጋሼ የዲያሊሲስ ከረጢት ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ተማሪዋም ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካሉ አስመጪዎች ዋጋውን አጣርታ እንደምታሳውቃቸው ለብቻው ጽፋላቸዋለች። ክሩ አልተዘጋም።